በኪሱ የነበረው ፊውዝ

ኢድሪስ የሞተው መብራት በሌለበት ቀን ነው፤ የገደለው ግን ኮረንቲ ነው።

ኢንስፔክተር ዓለሚቱ ይህን ያረጋገጠችው በሻማ ብርሃን፣ ከሬሳው አጠገብ ተንበርክካ ነበር። እህል ነጋዴው ኢድሪስ በሳሎኑ ምንጣፍ ላይ፣ ከትልቁ ቡፌ ሥር በጎኑ ተጋድሟል። በቀኝ እጁ አመልካች ጣት ጫፍ ላይ የስንዴ ፍሬ የምታህል ጥቁር ቃጠሎ አለች። ካቻቢቴው ከጎኑ ወድቋል። ቡፌው ላይ ክዳኑ የተነሣ አምፕሊፋየር ተቀምጧል፤ በየማዕዘኑ የተሰቀሉት አምስቱ የሆም ቴአትር ድምፅ ማጉያዎች ሽቦ ሁሉ ወደ እሱ ይገባል። ከእሱ አለፍ ብሎ በሳህን የተከደነ ተምርና አንድ ብርጭቆ ውሃ አለ። ወሩ ረመዳን ነው፤ ተምሩን የነካው የለም።

ከሆስፒታል የመጣው ሐኪም ጣቱን አገላብጦ አየና «ኮረንቲ ነው፤ ሌላ ምንም የለበትም» ብሎ ወጣ።

ነሐሴ 2001 ነበር። በዚያ ክረምት ደብረ ታቦር መብራት የምታገኘው በፈረቃ ነው። ከመንገዱ በላይ ያለው ወገን ሲበራ ከመንገዱ በታች ያለው ይጨልማል፤ በማግሥቱ ይገለበጣል። ያን ቀን የጨለማው ተራ የኢድሪስ ቤት ያለበት ወገን ነበር። ይህ አልበቃ ብሎ ሳጅን እሸቴ የሟቹን የሸሚዝ ኪስ ሲፈትሽ የቆጣሪውን ፊውዝ አገኘ።

«ሰፈሩ መብራት የለውም፤ ፊውዙ ደግሞ ኪሱ ውስጥ ነው» አለ እሸቴ ፊውዙን በመዳፉ ላይ እያንከባለለ። «ሁለት ጊዜ የተቆለፈ በር ማለት ነው። ኮረንቲው በየት ገባ?»

ዓለሚቱ ፊቷ ወደ መስኮቱ ነው። ቀዝቃዛ ነፋስ ማጅራቷን ነክቷት ዞራ ነበር። የመስኮቱ መስተዋት ጥጉ ላይ ተሰብሮ፣ ሁለት ጣት የሚያሳልፍ ቀዳዳ ሆኗል። ቀዳዳው የሚወተፍበት ጨርቅ ደፉ ላይ ወድቋል። ከጉና የወረደው ጉም መንገዱን ሞልቶት ነበር። በነሐሴ እንዲህ ያለ ቀዳዳ ክፍት ትቶ የሚቀመጥ የዚህ አገር ሰው አታውቅም። ጨርቁን አንሥታ አየችውና በነበረበት መልሳ አስቀመጠችው።

በማግሥቱ ጠዋት ኢድሪስ ተቀበረ። ቀባሪው ሳይበተን የራዲዮና የቴሌቪዥን ጠጋኙ ማሩ ተያዘ። ያስያዘው የገዛ ቃሉ ነው፤ ከአደጋው በፊት በነበረው ቀን፣ በቀትር፣ ገበያተኛ እየሰማ ኢድሪስን «ያን ዕቃ ደግመው ቢነካኩት ይገድልዎታል፤ ነግሬዎታለሁ!» ብሎታል። የጣቢያው ኮማንደር ከዚህ በላይ ማስረጃ አላስፈለገውም። ማሩ ዕቃው ውስጥ ኮረንቲ የሚያጠራቅም ነገር ትቶበታል አለ፤ ለፍርድ ቤቱም እንዲሁ ሊያስረዳ አሰበ። ማሩ ፍርድ ቤት እስኪቀርብ ለዓለሚቱ የቀራት ያ ቀንና ተከታዩ ቀን ብቻ ነበር።

ማሩን በጣቢያው አግዳሚ ላይ አጎንብሶ ተቀምጦ አገኘችው። ሚስቱ ትዝታ ምሳ ዕቃ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች፤ የመውለጃዋ ወር ገብቷል።

«ይገድልዎታል ብለሃል?»

«ብያለሁ።»

«ለምን?»

«ስለሚገድል ነዋ። ሁለት ጊዜ ጠገንኩላቸው፤ ሁለቱንም ጊዜ ማታውኑ በካቻቢቴ ይጎረጉሩታል። ንግግሩ አይጠራም ይላሉ። እኔ ዕቃው ደህና ነው እላለሁ። ወንድምየው ሰዒድ ጣለውና ትልቁን ግዛ ይላቸዋል። ሚስታቸው ሀያት ደግሞ ሁለቱም ይቅርብን ትላለች። በአንድ ቃል የመቶ ኩንታል ጤፍ የሚገበያዩ ሰው፣ በአንድ አምፕሊፋየር መሐል ቤት ቆመው ቀሩ።»

«ዕቃው ደህና ከነበረ ለምን አይጠራም አለ?»

ማሩ እግሩ ሥር ያለውን መሬት አየ። «አይጠራም የሚሉት እሳቸው አይደሉም። ከመንገዱ ማዶ ያሉት እማማ ፈንታነሽ ናቸው። ማታ ማታ ድራማ ለማየት ይመጣሉ። ‹ምን አለ? አሁን ምን አለች?› ይላሉ። ጋሽ ኢድሪስ ይደግሙላቸዋል። ሌሎቻችን እንሰማለን። የሚጠገነው ዕቃው እንዳልሆነ ማን ደፍሮ ይንገራቸው?»

ኮማንደሩ ስለ ተጠራቀመ ኮረንቲ የሚለውን ጠየቀችው። እንዲህ ያለ ዕቃ መብራት ከጠፋ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ኮረንቲ ይዞ ሊቆይ እንደሚችል አልካደም፤ ያን ቀን ግን መብራት ከንጋት ጀምሮ አልነበረም፣ እስከ ምሽት የሚቆይ የለም አለ።

«ታዲያ ኮረንቲ ወደዚያ ቤት የሚገባበት ሌላ መንገድ አለ?»

እስካሁን ቀጥ አድርጎ ሲመልስ የነበረው ማሩ ዓይኑን ወደ በሩ፣ ወደ ትዝታ መለሰ። ዓለሚቱ ትንሽ ጠብቃው ወጣች።

ሰዒድ የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው። የኤሌክትሮኒክስ ሱቁ ከኢድሪስ ቤት አራተኛው በር ላይ ነው። ስታገኘው ባልተሸጠ ካርቶን ላይ ተቀምጦ ያለቅስ ነበር። ያን ምሽት አዲሱን አምፕሊፋየር ከሁለት ትልልቅ ድምፅ ማጉያዎች ጋር ደጅ አውጥቶ፣ በመኪና ባትሪ አስነሥቶ ነበር። ወንድሙ ከቤቱ ሆኖ እንዲሰማውና እንዲቆርጥለት ነው።

«ስልክ ደወልኩለት። ‹ሰማኸው?› አልኩት። ‹ሰማሁት፣ ጥሩ ነው፤ ግን መጀመሪያ የኔን አንዴ ልየው› አለኝ። ሌላ ቃል አልሰማሁም።»

«ምን ነበር የከፈትከው?»

«ቁርኣን ነዋ፣ ኢንስፔክተር። በረመዳን ዘፈን ልክፈት?»

እማማ ፈንታነሽን በቤታቸው አገኘቻቸው። አንገታቸው ላይ በልጅነታቸው የተነቀሱት መስቀል አሁን በቆዳቸው ሽብሽብ መሐል ተሰውሯል። ስትጠይቃቸው እጃቸውን ጆሯቸው ላይ ደግነው «ምን አልሺኝ ልጄ?» ስለሚሉ ሁሉን ሁለቴ መጠየቅ ነበረባት። ኢድሪስ ለሳቸው የሩቅ ሰው አልነበረም። ሀያት በሙሽርነት ወደ ሰፈሩ ስትመጣ የተቀበሏት፣ ስትወልድ ያረሷት፣ ልጆቿን ያዘሉላት እሳቸው ናቸው።

«ያን ጊዜ የት ነበሩ?»

«አዛኑን ሰምቼ እንደ ወትሮዬ ከመደቤ ተነሣሁ። ተመልሼ ሳልቀመጥ ሀዩ ስትጮህ ሰማሁ። በባዶ እግሬ ሮጥሁ።»

ዓለሚቱ ሌላ አልጠየቀችም። ከደጅ ወጥታ ግን እሸቴን «አንገቷ ላይ መስቀል ያላት ሴት ለአዛን እንደ ወትሮዋ የምትነሣው ለምንድን ነው?» አለችው።

«ሰዓት ስለሌላቸው ይሆናል» አለ እሸቴ። ቀጥሎም ከጎረቤት ሴቶች የቃረመውን ነገራት። ጩኸቱ ሲሰማ ሰው ሁሉ ወደ ኢድሪስ ቤት ሲሮጥ፣ ሀያት አንዴ ከቤቷ ወጥታ ወደ እማማ ፈንታነሽ ቤት ሮጣለች። ወዲያው ተመልሳለች። እርዳታ ፍለጋ ይሆናል ብለዋል።

«እማማ ፈንታነሽ ያን ጊዜ የት ነበሩ?»

«ከሬሳው ራስጌ።»

«እንግዲህ የሮጠችው ወደ ባዶ ቤት ነው» አለች ዓለሚቱ።

ሀያት ከለቀስተኛው ተነጥላ በጓዳ ተቀበለቻት። ባሏ ሲወድቅ ግቢው ውስጥ ባለው ማድቤት ለማፍጠሪያ የሚሆን ሾርባ ታማስል ነበር። ድምፁን ሰምታ ገባች፤ ወድቆ አገኘችው።

«አዛን ብሎ ነበር?»

«ገና ነበር። አዛን ቢልማ ጾሙን ይፈታ ነበር። አንድ ተምር እንኳ ሳይቀምስ ነው የሄደው።»

«እማማ ፈንታነሽ ግን አዛን ከሰሙ በኋላ ነው ይላሉ።»

የሀያት ፊት ደም አልነበረበትም፤ አሁን ጭራሽ አመድ መሰለ። የሻሿን ጫፍ በጣቷ ደጋግማ ጠመዘዘች። «ይተዉት» አለች በመጨረሻ። «የማንም እጅ ይሁን፣ እኔ ይቅር ብያለሁ። ባለቤቱ እኔ ነኝ። እባክዎ ይተዉት።»

«ማሩስ?»

ሀያት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ዓለሚቱ ወጣች።

መንገዱ ላይ ቆማ ቀና አለች። ከቆርቆሮ ወደ ቆርቆሮ፣ ከቤት ወደ ቤት የሚሻገረው ሽቦ እንደ ማንኛውም የከተማው ሰፈር ብዙ ነው፤ የሚያየው የለም። ለረጅም ጊዜ እያየች ቆየች። ከዚያ እሸቴን መሰላል እንዲያመጣ ላከችው።

በሦስተኛው ቀን የጨለማው ተራ እንደገና የታችኛው ወገን ሆነ። አመሻሹ ላይ፣ ለቀስተኛው ለጸሎት ሲሄድ፣ ዓለሚቱ በኢድሪስ ሳሎን አራት ሰዎች አስቀመጠች። ሀያት በሩ አጠገብ፣ ሰዒድ ከእሷ ቀጥሎ፣ ማሩ በእሸቴና በግድግዳው መካከል፤ እማማ ፈንታነሽ ኢድሪስ ሁልጊዜ ከጎኑ ያስቀምጣቸው በነበረው ወንበር ላይ፣ እጃቸውን ምርኩዛቸው ላይ ጭነው። አምፕሊፋየሩ ወደ ጣቢያ ተወስዷል። ቡፌው ላይ ያረፈበት ቦታ አቧራ የሌለበት አራት ማዕዘን ሆኖ ቀርቷል።

ዓለሚቱ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«መጀመሪያ ፊውዙ አሳስቶን ነበር» አለች። «ኪሱ ውስጥ ስናገኘው፣ ሲጠነቀቅ ነቀለው አልን። ሰፈሩ ጨለማ በሆነበት ቀን ግን ፊውዝ መንቀል ምን ያደርጋል? ቤቱ ኮረንቲ እንዳያገኘው ነው እንዳንል፣ ኮረንቲ ከወዴት ይመጣል ብሎ? ስለዚህ የነቀለው በሌላ ምክንያት ነው። መብራት በሌለበት ቀን ፊውዝ የሚነቅል ሰው፣ በሌላ በኩል መብራት ሊያስገባ ያሰበ ሰው ነው። ካልነቀለ ያስገባው ኮረንቲ ወደ ውጭው መስመር ይወጣበታል። ማሩ፣ ልክ ነኝ?»

ማሩ ራሱን ነቀነቀ።

«ከዚህ ቀዳዳ» መስኮቱን አሳየች፤ «ሽቦ ይገባል። ከእማማ ፈንታነሽ ጣሪያ የሚነሣ ሽቦ ነው። የዚህኛውን ጫፍ ቆርቆሮው ሥር ተጠቅልሎ አገኘሁት።» በቀዳዳው ገብቶ ጉልበቷ ላይ ያረፈውን ጥቁር ሽቦ አነሣች። ጫፉ ላይ ሁለት ጥርስ ያለው ወንዴ ሶኬት አለ። «የማዶው ጫፍም እንዲሁ ወንዴ ነው። አንዱ ጫፍ እዚያ ቤት ግድግዳ ውስጥ ሲገባ፣ ሌላው እዚህ ግድግዳ ውስጥ ሲገባ፣ ቤቱ በሙሉ ይበራል። ማን ሠራው?»

«እኔ ነኝ» አለ ማሩ በቀስታ። «ክልክል እንደሆነ አውቃለሁ። ፈረቃ በመጣ ቁጥር ግማሹ ከተማ ይለምነኛል። በፍልሰታ ጾም ከዚህ ወደዚያ ሰጡ፤ በረመዳን ከዚያ ወደዚህ። ሁለቱ ቤቶች እንዲህ ናቸው። ብናገር ገመዱ በአንገቴ ይጠመጠማል ብዬ ፈራሁ። ዝም ብልም ተጠመጠመ።»

«ኢድሪስ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ እንደ ልማዱ ፊውዙን ነቅሎ ኪሱ ከተተ፣ ይህንን ጫፍ ግድግዳው ላይ ሰካ። አሁን የሚቀረው የማዶው ጫፍ ነው፤ እሱ ደግሞ የሚሰካው በመግሪብ፣ በጀንበር መጥለቂያው አዛን ነው። መግሪብ ገና ነበር። ጊዜ አለኝ አለ። ወንድሙ ደጅ ያወጣው አዲስ ዕቃ ሲያስተጋባ ሰማ። ከመግዛቱ በፊት አሮጌውን አንዴ ሊያይ ከፈተው። የዕቃው ሶኬት ከቡፌው ጀርባ ነው፤ ለመንቀል ቡፌውን ሁለት ሰው መግፋት አለበት። ስለዚህ ተወው። ሳይሰጡት የማይመጣ መብራት ነው፤ የምትሰጠውንም ሰዓቷንም ያውቃል።»

«ታዲያ ለምን ቀድሞ መጣ?» አለ ሰዒድ።

ዓለሚቱ አየችው። ልትነግረው የማትፈልገውን ነገር ራሱ እንዲያገኘው ጊዜ የምትሰጠው ትመስል ነበር።

«እማማ ፈንታነሽ አዛን ሰምቼ ተነሣሁ አሉ። ሀያት አዛን አላለም ነበር አለች። ተምሩን ማንም አልነካም፤ ሀያት ልክ ናት። እማማ ፈንታነሽም ዋሽተው አያውቁም። ሁለቱም ልክ የሚሆኑት ሁለት አዛን ካለ ነው። ሰዒድ፣ ከቁርኣኑ ቀጥሎ ምን ነበር?»

«አዛን» አለ ሰዒድ። «ራሱ ነው የቀጠለው። ደጁ ላይ የነበረው ሰው ‹ያለ ሰዓቱ ጾም ልታስፈታን ነው ወይ!› ብሎ ሳቀብኝ። ወዲያው አጠፋሁት። ወላሂ፣ ወዲያው ነው ያጠፋሁት።»

«ሰው ሁሉ ሰዓቱን አይቶ ሳቀ። ኢድሪስም ሰምቶ ስቆ ይሆናል። ጉሙ ግን ቀኑን አጨልሞታል፣ ድምፁ ትልቅ ነው፣ ቅርብ ነው። የመስጊዱን ድምፅ ከሱቅ ድምፅ የማይለይ ጆሮ አንድ ብቻ ነበር።»

ማንም ወደ ወንበሩ አላየም።

«ሀያት ስትገባ ሁሉን ባንድ ዓይን አየች። ይህንን ጫፍ ነቅላ በመስኮቱ አወጣችው። የማዶው ጫፍ ግን ገና እንደተሰካ ነው፤ ጥርሱ ራቁቱን ውጭ ተንጠልጥሏል፣ ሕፃናት እየሮጡ ይመጣሉ። ለዚህ ነው ባሏን ትታ ወደ ባዶ ቤት የሮጠችው። ከዚያ በኋላ ዝም አለች። ማሩ ሲታሰርም ዝም አለች።»

«ምን ልበል?» አለች ሀያት። ዓይኗ ደርቋል። «ማሩን ላውጣ ብል እሳቸውን መግደሌ ነው። እሳቸውን ላድን ብል ማሩ ነው። ሌት ተቀን ሁለቱን ስመዝን፣ የራሴን ሰው እንኳ አላለቀስኩም።» ወደ ማሩ ዞረች። «ትዝታን በር ላይ ቆማ አየኋት። በሌላ መንገድ ዞሬ ሄድኩ። አፉ በለኝ።»

ማሩ እጆቹን አየ። «ሶኬቱን የሠራሁት እኔ ነኝ» አለ።

«ወንጀለኛ የለም» አለች ዓለሚቱ። «ማሩ ነገ ይፈታል። ግን ዳኛው ኮረንቲው ከየት መጣ ማለቱ አይቀርም። የሰካውን ሰው ቃል መስማት አለበት። እኔ ላስቀረው አልችልም። ብችል…»

ያን ጊዜ እማማ ፈንታነሽ፣ ሰው ሁሉ ሲናገር ከአፍ ወደ አፍ ሲመለከቱ የቆዩት፣ ወደ ጎናቸው ወደ ባዶው ወንበር ዘንበል አሉ። ከዚያ ባዶ መሆኑን አስታውሰው ወደ ሀያት ዞሩ።

«ምን አለች?» አሉ።

ሰዒድ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ።

«ማሩን ሊፈቱት ነው?» አሉ አሮጊቷ የማሩን ፊት እያዩ።

እሸቴ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀላቸው። «ተመስገን» አሉ፤ ምርኩዛቸውንም አንዴ መሬት ላይ መታ አደረጉ።

ጉሙ ከመስኮቱ ላይ ተኝቷል። ሳሎኑ ከመጨለሙ የተነሣ ፊት ለፊት ያለው ሰው ጥላ ብቻ ሆኖ ነበር። መስጊዱ ባትሪውን ከፈተና አዛኑ ተሰማ፤ ይኼኛው የራሱ የመግሪብ ነው። እማማ ፈንታነሽ ራሳቸውን ቀና አድርገው አዳመጡ።

«ደረሰ» አሉ ምርኩዛቸውን ተደግፈው እየተነሡ። «ዛሬም ጨለማው የናንተ ነው አይደል? ይህ ሁሉ ሰው እንዴት በጨለማ ያፈጥራል? ቆዩ፣ መብራቱን ልስጣችሁ።»

ዓለሚቱ ብድግ አለች፤ ክንዳቸውን ልትይዝ እጇን ዘረጋች። ግን እጇን መለሰች። አሮጊቷ ደፉን በእግራቸው ዳብሰው ወጡ። ምርኩዛቸው ድንጋዩን ሲመታ፣ ከመንገዱ ማዶ በር ሲከፈት ሰሙ።

ሀያት ተነሣች። ኢንስፔክተሯ ከተነሣችበት ወንበር ላይ የሽቦውን ጫፍ ወሰደችና፣ ኢድሪስ ያደርግ እንደነበረው፣ በግድግዳው ላይ ሰክታ ወደ ኋላ ተመለሰች።

አምፖሉ በራ። ሁሉም ሳያስቡት ፊታቸውን ከብርሃኑ አዞሩ። ተምሩ ሳህኑ ላይ ነው፤ እጁን የዘረጋ የለም።

ከማዶ በየምሽቱ የሚጠይቁት ጥያቄ መጣ፣ ኢድሪስ ከዚህ ሆኖ እየጮኸ ይመልስላቸው የነበረው።

«መጣላችሁ?»

«መጥቷል» አለች ሀያት። ድምፅዋ ከመስኮቱ አላለፈም።

«መጣላችሁ?» አሉ እማማ ፈንታነሽ እንደገና።